ስለ ኃጢአታችን ብዛት፦ ፒያሳ አካባቢ የተሰጠ የስድስት ምሽት የንባብ ትምህርት

ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ በላይ ባለው ፎቅ ላይ አንዲት አነስተኛ የንባብ ቤት አለች። በዚህ ዓመት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በመካከለኛው ዘመን የስላቭ ሕዝቦች የጦርነት ትረካዎች ውስጥ ስላለው ሃይማኖታዊ ትርጉም የሚያጠና ትምህርት ሰጥታለች። ክፍያው 1,800 ብር ሲሆን ቡናንና የተባዙ ንባቦችን ይጨምራል። ስድስቱንም ምሽቶች ሳላጓድል የተከታተልሁ በመሆኔና ሁለተኛው ዙር ከፋሲካ በኋላ እንደሚጀመር ስለተነገረን፣ ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ይህን ጽፌያለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ በወጣትነታቸው ሌኒንግራድ የተማሩ፣ ጥንታዊውን የስላቭ ቋንቋ ከነፊደሉ የሚያነቡ ሰው ናቸው፤ ንባቦቹን በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሷቸውም ራሳቸው ናቸው። አካሄዳቸው ዝግ ያለ ነው። በአንድ ምሽት አንድ ወይም ሁለት ገጽ ብቻ ይነበባል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱ ይከፈታል። በመጀመሪያው ምሽት ያሳሰቡን ነገር እስከ መጨረሻው አብሮን ቆየ፦ «ማን አሸነፈ፣ በስንት ጦር አሸነፈ የሚለውን ለጊዜው ተዉት፤ ጸሐፊው እግዚአብሔር ይህን ለምን ፈቀደ ብሎ ሲጠይቅ ምን መልስ እንዳገኘ ፈልጉ።» ጦርነትን በጥይትና በስልት ብቻ መተረክ ለለመድን ሰዎች ይህ ቀላል ማሳሰቢያ አልነበረም። ከመካከላችን የነበሩት ጡረተኛው ሻለቃ በሁለተኛው ሳምንት «የእርስዎ ጸሐፊዎች የሰልፉን አቀማመጥ ሳይነግሩን ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሮጣሉ» ብለው ቅሬታቸውን ሲገልጹ፣ መምህሩም «ሻለቃ፣ ለእነርሱ የሰልፉ አቀማመጥ መዝሙሩ ነበር» ብለው መለሱላቸው።

የመጀመሪያው ምሽት ንባብ የኪዬቩ ዜና መዋዕል፣ ማለትም ያለፉት ዘመናት ትረካ የሚባለው መጽሐፍ፣ ስለ 1068 የጻፈው ነበር። በዚያ ዓመት የያሮስላቭ ሦስት ልጆች ኢዝያስላቭ፣ ስቭያቶስላቭና ቭሴቮሎድ ከፖሎቬትስ ዘላኖች ጋር በአልታ ወንዝ ገጥመው ተሸነፉ። ውጊያው በጥቂት ቃላት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ረጅም ስብከት ነው። አንዲት አገር ስትበድል እግዚአብሔር በሞት፣ በረሀብ፣ በድርቅ፣ በአባጨጓሬ ወይም በባዕድ ጦር ይቀጣታል ይላል ጸሐፊው፤ ቀጥሎም የራሱን ወገኖች ይከሳል፦ መነኩሴ በመንገድ ሲገጥማቸው እንደ ክፉ ምልክት ቆጥረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ የዘፈኑ ሜዳ በሕዝብ ሲጨናነቅ አብያተ ክርስቲያናት ባዶ ይቆማሉ። ለመግቢያ ጥሩ ምርጫ ነበር፤ የመጽሐፉ ቁልፍ ሐረግ፣ ይኸውም «ስለ ኃጢአታችን» የሚለው፣ በምን ዓይነት ክብደት እንደሚነገር ከዚያ ምሽት ጀምሮ ገባን።

ሁለተኛው ምሽት ስለ 1096 ነበር። በዚያ ዓመት የፖሎቬትሱ አለቃ ቦንያክ በአንድ ዓርብ ማለዳ በድንገት መጥቶ የኪዬቩን የዋሻ ገዳም አቃጠለ። የሚተርከው ሰው ራሱ ከገዳሙ መነኮሳት አንዱ ነው፤ ከሌሊቱ ጸሎት በኋላ በየማረፊያችን ተኝተን ሳለን ጩኸት ሰማን ይላል። ወራሪዎቹ በሮቹን እየሰበሩ «አምላካቸው የት አለ?» ይሉ ነበር ብሎ ሲጽፍ ቃሉን ከዳዊት እንደወሰደው ከእኛ መካከል የነበረው ዲያቆን ወዲያው አወቀው። ጸሐፊው እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በፓታራው መቶድዮስ ስም ከሚጠራ የትንቢት መጽሐፍ ሲሆን፣ በዚያ መሠረት የእስማኤል ልጆች ይላቸዋል፤ ታላቁ እስክንድር በተራሮች መካከል ስለዘጋባቸው ርኩሳን ሕዝቦችም ያወሳል። ዜና እስክንድርን በግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በዚህ ላይ መምህሩ የጨመሩት ነገር ክፍሉን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሰኘው። ያ የመቶድዮስ መጽሐፍ በሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሱርስት ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ የታላቁን እስክንድር እናት የኩሽ ንጉሥ ልጅ ያደርጋታል፤ የሮም ነገሥታትንም ከእርሷ ዘር ያወርዳቸዋል። ይህን የሚያደርገው «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውን፣ በእኛ ዳዊት በ67ኛው መዝሙር የምናገኘውን ቃል፣ በዓለም ፍጻሜ መንግሥቱን ለእግዚአብሔር ስለሚያስረክበው የሮም ንጉሥ የተነገረ ነው ብሎ ለመተርጎም ነው። በኪዬቭ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ የተቃጠለ ገዳሙን የሚያለቅስ መነኩሴ ጠላቶቹን ለመረዳት የገለጠው መጽሐፍ፣ እኛ በየበዓሉ የምንደግመውን ቃል በመሠረቱ ውስጥ ይዟል። በ1223 በካልካ ወንዝ የታታር ጦር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣም የኖቭጎሮዱ ጸሐፊ ማንነታቸውን፣ ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን የሚያውቅ የለም ካለ በኋላ ወደዚሁ መጽሐፍ ተመልሷል።

በዚያው ምሽት አንድ የትርጉም ክርክር ተነሣ፤ በበኩሌ ከትምህርቱ ሁሉ እጅግ ከጠቀሙኝ ነገሮች አንዱ ነው። መምህሩ ዘላኖቹ የሚጠሩበትን የስላቭ ቃል «አረመኔ» ብለው ተርጉመውት ነበር። ዲያቆኑ በትሕትና፣ ግን ሳያመነታ፣ «የኔታ፣ ዛሬ አረመኔ ስንል ጨካኝ ማለታችን ነው፤ ጸሐፊው ግን ያልተጠመቁ ማለቱ ከሆነ አረማውያን ወይም አሕዛብ ቢባል አይሻልም?» አላቸው። መምህሩ ለአፍታ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ፣ የስላቩ ቃል መጀመሪያ ያልተጠመቀ ማለት እንደነበር፣ በዛሬው ሩሲያኛ ግን ቆሻሻና አስጸያፊ የሚል የስድብ ቃል ሆኖ እንደቀረ ነገሩን። የሁለቱም ቋንቋዎች ቃል ከእምነት ስም ተነሥቶ ወደ ስድብ ወርዷል ማለት ነው። እስክሪብቷቸውን አውጥተው በራሳቸው ቅጂ ላይ ቃሉን ሰርዘው «አሕዛብ» ብለው ጻፉበት፤ እኛም ሁላችን እንዲሁ አደረግን። የተማሪን እርማት እንዲህ በክብር የሚቀበል መምህር ማግኘት ብቻውን ክፍያውን ያስችላል።

ሦስተኛው ምሽት ከሁሉ የበለጠ ነበር፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጌ ልናገር። በመጋቢት 1169 የሱዝዳሉ መስፍን አንድሬ ቦጎልዩብስኪ የላከው የመሳፍንት ጦር ኪዬቭን ያዘ። ያዥም ተያዥም ክርስቲያን ነው፤ ሃይማኖታቸውም ቅዳሴያቸውም አንድ ነው። ለሁለት ቀን ከተማውን በሙሉ ዘረፉ፤ የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልተረፈችም፤ ሥዕሎቹን፣ መጻሕፍቱን፣ አልባሳቱንና ደወሎቹን ወሰዱ። ታዲያ ጸሐፊው ይህን እንዴት ይተረጉመዋል? እዚህ የእስማኤል ልጆች የሉም፤ እስክንድር የዘጋው በር የለም። የደቡቡ ዜና መዋዕል በከተማው ውስጥ ስለነበረው ዋይታና ስለማይቋረጠው እንባ ከተረከ በኋላ ይህ ሁሉ ስለ ኃጢአታችን ሆነ ይላል። በአንድሬ አገር በቭላድሚር የተጻፈው ግን ምክንያቱን ለይቶ ያስቀምጣል፦ ስለ ኃጢአታቸው፣ ይልቁንም ስለ ሜትሮፖሊቱ፣ ማለትም ስለ ኪዬቩ ሊቀ ጳጳስ፣ በደል። በደሉም የዋሻውን ገዳም አበምኔት ፖሊካርፕን በጾም ጉዳይ መቅጣቱ ነው፤ የጌታ በዓል ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ቅቤና ወተት መብላት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ክርክር ነበረና፣ ሜትሮፖሊቱ አይገባም ብሎ አበምኔቱን አወገዘው።

ይህ ሲነበብ በጠረጴዛው ዙሪያ የተነሣውን ስሜት በቃል መግለጽ ያስቸግራል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልደት ወይም ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል የዕለቱ ጾም እንደሚቀርና ዋዜማው ገሀድ ሆኖ እንደሚጾም የማያውቅ ሰው በክፍሉ አልነበረም። አንዲት ጡረተኛ መምህርት «እናቴ ገሀድን ስትጾም ለምን እንደሆነ ጠይቄአት አላውቅም ነበር» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለሌላ አገር አንባቢ የከተማ መቃጠልን ከቅቤና ከወተት ጋር ማያያዝ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ ለእኛ ግን የጾም ሥርዓት የአንድ ማኅበረሰብ ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ውል የሚታይበት ቦታ መሆኑን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። መምህሩ ሌላውን ገጽታም አልደበቁንም፤ ጥፋቱን በኪዬቩ ሜትሮፖሊት ላይ መጫን ከተማይቱን ላስዘረፈው መስፍን እጅግ የሚመች ትርጉም ነበር። እምነቱ እውነተኛ ነው፤ ጥቅሙም አለ፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብለውም።

ከዚያው ጋር ተያይዞ በየካቲት 1170 ይኸው የአንድሬ ጦር ኖቭጎሮድን ከብቦ ስለደረሰበት ሽንፈት አነበብን። በዘመኑ የተጻፈው ዜና መዋዕል አጭር ነው፦ በመስቀል ኃይል፣ በወላዲተ አምላክና በጳጳሱ በኢልያ ጸሎት ድል ሆነ ይላል፤ የተማረኩ የሱዝዳል ሰዎችም በሁለት ኖጋታ፣ ማለትም በጥቂት ሳንቲም፣ ይሸጡ እንደነበር ይጨምራል። ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈው ተአምር ግን ጳጳሱ የእመቤታችንን ሥዕል ወደ ቅጥሩ እንዳወጣ፣ የጠላት ቀስት ሥዕሉን እንደመታና ሥዕሉ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ እንዳለቀሰ ይተርካል። መምህሩ በ15ኛው መቶ ዓመት የተሣለውን የኖቭጎሮድ ሥዕል በግድግዳው ላይ አሳዩን። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በሦስት ተከፍሏል፤ በታችኛው ክፍል ሰማዕታቱ መሳፍንት ቦሪስና ግሌብ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከከተማው ጦር ጋር በፈረስ ይወጣሉ። በቸርችል ጎዳና በየሱቁ በሚሸጡት የዐድዋ ሥዕሎች ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ከሰማይ፣ ከሠራዊቱ በላይ እናየዋለን፤ በኖቭጎሮዱ ሥዕል ግን ከሰልፈኞቹ ጋር ምድር ላይ ነው፤ የሚወጋቸውም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ይህን ያየነው የካቴድራሉ ደወል በመስኮቱ በኩል እየተሰማ ነበር፤ ወደ ዐድዋ ታቦቱ የወጣውን ሰማዕት ስም የተሸከመችው ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጥቂት ርምጃ ብቻ ትርቃለች።

አራተኛው ምሽት በ1185 የኖቭጎሮድ-ሴቨርስኪው መስፍን ኢጎር ስላደረገው ዘመቻ ነበር። ዘማቾቹ በጉዞ ላይ ሳሉ ግንቦት መባቻ ፀሐይ ጨለመች። መኳንንቱ አንገታቸውን ደፍተው ይህ ምልክት ለበጎ አይደለም ሲሉት፣ ኢጎር የእግዚአብሔርን ምሥጢር የሚያውቅ የለም፤ ምልክቱንም ዓለሙንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ የሚያደርግልንን ወደፊት እናያለን ብሎ ጉዞውን ቀጠለ። ጦሩ ካለቀና እርሱ ከተማረከ በኋላ ዜና መዋዕሉ በአፉ የሚያኖረው ኑዛዜ በዚህ ሁሉ ንባብ ካገኘሁት ሁሉ የላቀ ነው። ኢጎር ጠላትን አይከስም፤ ቀድሞ ራሱ በፔሬያስላቭል አጠገብ የግሌቦቭን ከተማ በኃይል ይዞ ስላፈሰሰው የክርስቲያን ደም ያስባል፤ በዚያ ቀን ሕያዋን በሙታን ይቀኑ ነበር ይላል። እግዚአብሔርም በቅድስት ሰንበት ቀን ቁጣውን አመጣብን፤ በደስታ ፈንታ ልቅሶን ሰጠን ብሎ ይጨርሳል። ሻለቃ ይህን ያነበቡት እርሳቸው ነበሩ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ማንበብ አልቻሉም፤ ወረቀቱን አጠገባቸው ለነበረው ወጣት ሰጡት፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ከየት ልቀጥል?» ሲላቸው በጣታቸው ብቻ አሳዩት።

በዚህ ምሽት ግን ከባድ ስሕተትም ነበር። የተባዛው ወረቀት ዘመቻውን በ1193 ያደርገዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፦ ዜና መዋዕሉ ዓመቱን ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ 6693 ብሎ ይቆጥራል፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ከዚህ ላይ በእኛ ልማድ 5500 ቀንሷል። የቢዛንታይን አቆጣጠር፣ ስላቮቹም የተቀበሉት እርሱን ነውና፣ 5508 ነው፤ ትክክለኛው ዓመትም 1185 ይሆናል። የእኛ ሰው የሠራው ስሕተት የሚገባ ነው፤ እኛም ዓመተ ዓለምን እንቆጥራለንና። ነገር ግን ለንባብ ቤቱ ሠራተኞች በቀጣዩ ማክሰኞ ባሳውቅም ወረቀቱ ሳይታረም እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ብዙዎቹ ገጾችም በኅዳጋቸው በኩል ተቆርጠው የተባዙ በመሆናቸው የመስመሮቹ መጀመሪያ ፊደላት አይታዩም። 1,800 ብር ለከፈለ ተማሪ ይህ አይገባም።

ስለ አምስተኛው ምሽት የምለው ጥቂት ነው። ከኖቭጎሮዱ መስፍን ከአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገድል ፔልጉሲ የሚባለው ዘበኛ በ1240 ከኔቫ ውጊያ በፊት ያየው ራእይ ተነበበ፤ ሰማዕቱ ቦሪስ በጀልባ ቆሞ «ወንድሜ ግሌብ፣ ቅዘፉ በላቸው፤ ዘመዳችንን አሌክሳንደርን እንርዳ» ይላል። ውብ ንባብ ነው፤ ግን መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን ስላነበብን ውይይቱ ሳይሞቅ አለቀ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ምሽት አላረካኝም። ርእሱ መስከረም 8 ቀን 1380፣ በእነርሱ የእመቤታችን ልደት ዕለት፣ የሞስኮው መስፍን ዲሚትሪ በኩሊኮቮ ሜዳ የታታሩን አለቃ ማማይን ያሸነፈበት ጦርነት ነበር። የተነበበው ከውጊያው ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ሰፊው ትረካ ነው፤ አባ ሰርጊየስ ዘራዶኔዥ መስፍኑን እንደባረከና ፔሬስቬትና ኦስልያብያ የሚባሉ ሁለት መነኮሳት እንደሰጠው፣ ሰማይም ተከፍቶ አክሊላት በሠራዊቱ ላይ እንደወረዱ ይተርካል። መምህሩ ለዘመኑ ቅርብ የሆነው አጭሩ የዜና መዋዕል ትረካ ስለ ቡራኬው እንደማይናገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አለፉ። በሦስተኛው ምሽት የኖቭጎሮድን አጭር ዜናና ረጅም ተአምር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተማሩን ሰው እዚህ ለምን እንዳልደገሙት አልገባኝም። ከዚህም በላይ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1382፣ የታታሩ ካን ቶክታሚሽ መጥቶ ሞስኮን አቃጥሏታል፤ ያንን የሚተርከውም ጸሐፊ እንደገና ወደዚያው ወደ አሮጌው ሐረግ፣ ስለ ኃጢአታችን ወደሚለው ይመለሳል። ድሉን ብቻ አንብቦ መለያየት የአምስቱን ምሽት ትምህርት ያጎድለዋል፤ እነዚህ ጸሐፊዎች በእውነት የሚታወቁት አክሊል ሲወርድ ሳይሆን ከተማቸው ሲነድ ነውና። ከእኛ ወገንም የዐፄ ዐምደ ጽዮንን የ1332 ዘመቻ የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል ቢያንስ ለአንድ ምሽት ጎን ለጎን ቢነበብ ምንኛ ባማረ ነበር። ይህን በመጨረሻው ቀን በሰጠነው አስተያየት ላይ ጽፌዋለሁ።

ስለ ቤቱ፦ ክፍሉ 20 ሰው በምቾት ይይዛል፤ እኛ ግን 26 ነበርን። በመስኮቱ በኩል የሚቀመጥ ሰው የታክሲ ረዳቶችን ጥሪ እየሰማ ስለሚውል ከበሩ ወዲህ ያለውን ወገን ቢመርጥ ይሻለዋል። ትምህርቱ በሰዓቱ የተጀመረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቡናው በጀበና ይመጣል፤ ሁልጊዜም ከቆሎ ጋር ነው። ደረጃው ጠባብና ቁልቁል ስለሆነ ለአዛውንት ይከብዳል፤ ሻለቃን በየምሽቱ ሁለት ወጣቶች ደግፈው ያወርዷቸው ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ተመዝግቤያለሁ። መምህሩ የ1382ቱን ንባብ እየተረጎሙት እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ነግረውኛል፤ የሚመጣ ሰው ዳዊቱን ይዞ ይምጣ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያስፈልገዋል።